የአሶሳ ጥቁር ድንጋይና የጠፋው ባሕር

አሶሳ ሲባል እኛ ደገኞች ቶሎ ትዝ የሚለን ሙቀቱ፣ ቀርከሃው፣ ማንጎውና ወርቁ ነው። ባሕር በሐሳባችንም አይመጣም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ርቃ፣ ለሱዳን ድንበር ተጠግታ የተቀመጠች ናት። ቀይ ባሕር የት፣ አሶሳ የት! እንግዲህ አንባቢዬ፣ በዚህ ማስታወሻ የማስጎበኝዎ ባሕር ነው ስልዎ አይደንግጡ። ውሃው ከሄደ 600 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሆኖታል፤ ጭቃው ግን እዚያው አለ። በእጅ ይነካል፤ ሲነኩትም ጣት ያጠቁራል።

የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት የተቀበለኝ ነፋስ ከአገሬ ከደጀን ነፋስ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። እኛ ጋ ጠዋት ጋቢ ይደረባል፤ እዚህ ጋቢው ከሻንጣ የሚወጣበት ሰዓት የለም። መንገዱ ዳር ያለው አጥር ቀርከሃ ነው፣ ግድግዳው ቀርከሃ ነው፣ አልጋውና ወንበሩም ቀርከሃ ነው። እኛ ባሕር ዛፍን የምናውልበትን ሥራ ሁሉ እዚህ እሱ ይሠራዋል። አንዱን ዘንግ አንስቼ ስመዝነው ከበደኝ። ለካ የእንጅባራው የደጋ ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሲሆን፣ የቆላው ዘር ግን ድፍን ነው! ስሙ አንድ፣ አንጀቱ ሌላ። አገር ካላዩ እንዲህ ያለውን ነገር ማን ይነግርዎታል?

ምሳ የበላሁት ከአንድ የቤርታ ቤተሰብ ጋር ነው። ገንፎ ቀረበ። ዓይኔ እንደ ልማዱ መሐሉ ላይ የቅቤና የበርበሬ ጉድጓድ ፈለገ፤ የለም። የማሽላ ገንፎ ነው፤ የሚበላው በባሚያ በተሠራ፣ በሚዝለገለግ ወጥ ነው። የቤቱ እናት ስሽኮረመም አይተው፣ «ብላ እንጂ ልጄ፣ ገንፎ ሲበርድ አይጥምም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ትኩሱን ከባሚያው ጋር አጣቅሼ ስጎርሰው፣ የእናቴን ገንፎ ብናፍቅም፣ ይህኛውን ደግሞ ወደድሁት።

አስጎብኚዬ ጂኦሎጂ የተማረ የአገሩ ልጅ ነው። ዕድሜዬን አይቶ «ጋሼ» ይለኛል። ከምሳ በኋላ፣ «ጋሼ፣ አሁን የባሕር ወለል ላይ ነው የምወስድዎ» አለኝና ወደ ሆሞሻና ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ይዞኝ ወጣ። ቀዩ አፈር፣ የተቃጠለው ሣር፣ የማንጎው ጥላ እያለፈ መኪናችን መንገድ ለማውጣት የተቆረጠ ኮረብታ ሥር ቆመ። የተቆረጠው ገጽ ጥቁር ነው። ድንጋዩ ስስ ስስ ሆኖ ይላጣል፤ ንብርብሩም እንደ ተኛ አልቀረም፣ ቀጥ ብሎ ለመቆም ምንም አልቀረው። ልጁ ቁራሹን አንስቶ ከማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጫር ሲያደርገው ጥርት ያለ ጥቁር መስመር ወጣ።

«እርሳስ!» አልሁ።

«ራሱ ነው። እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት ይባላል፤ የካርቦን ማዕድን ነው። ይህ ድንጋይ ግራፋይት ያለበት ሺስት ነው።»

ሺስት ማለት ምድር ውስጥ በሙቀትና በግፊት ተለውጦ እንዲህ የሚላጥ የሆነ ድንጋይ ነው። ይህኛው ከመለወጡ በፊት ሼል ነበር፤ ሼል የሚባለው ደቃቅ ጭቃ ከውሃ በታች ተከምሮ፣ ተጠቅጥቆ የደነደነ ድንጋይ ነው። ካርቦኑ ከየት መጣ? እኔ ወዲያው የድንጋይ ከሰል ነዋ ብዬ ገመትሁ። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። «የድንጋይ ከሰል በብዛት የሚገኘው ከረግረግ ዛፍና ቅጠል ነው፣ ጋሼ። ይህ ጭቃ ሲጠራቀም ግን ዓለም ላይ ዛፍ አልነበረም። ሣርም፣ ዓሣም አልነበረም።»

እስቲ ያስቡት! ሣር የሌለበት ምድር። እኛ የገጠር ልጆች መሬትን ያለ ሣር ማሰብ ይቸግረናል። ታዲያ ምን ነበረ? ባሕሩ ላይ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችና አልጌ ነበሩ። አልጌ የሚባለው በኩሬ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚሰፍፈው ዓይነት ፍጥረት ነው። እነዚህ ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ይሠራሉ፣ ይሞታሉ፣ ወደ ባሕሩ ወለል ይዘቅጣሉ። የደብተሬን ገጽ ያጠቆረው የእነሱ አካል ነው።

ባሕሩም ስም አለው። ሊቃውንቱ የሞዛምቢክ ውቅያኖስ ይሉታል፤ ዛሬ በሞዛምቢክና በማዳጋስካር መካከል ካለው ውሃ ጋር ግን አንድ አይደለም። ሮዲኒያ ተብሎ የሚጠራው ጥንታዊ ታላቅ አህጉር ሲሰነጣጠቅ የተከፈተ ውቅያኖስ ነው። በውስጡ እሳተ ገሞራ የወለዳቸው የደሴት ሰንሰለቶች ነበሩ። ኋላ ውቅያኖሱ ጠበበ፤ ደሴቶቹ እርስ በርስ ተጋጩ፤ በመጨረሻም የምሥራቁና የምዕራቡ የብስ ተገጣጥሞ ጎንድዋና የተባለው ታላቅ አህጉር ሲፈጠር ባሕሩ ጨርሶ ተዘጋ። የምዕራብ ኢትዮጵያ ጥንታዊ ድንጋዮች አብዛኛው ታሪካቸው ከ850 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ዘመን ውስጥ የሚወድቀው ለዚህ ነው። ድንጋዩ ቀጥ ብሎ የቆመውም ያ መጋጨት ስላጠፈው ነው።

ይህ የአንድ ወጣት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልዎ። አለን እና ታደሰ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት የዚህን አካባቢ ጥንታዊ ድንጋይ ዲዴሳ፣ ከማሺ፣ ዴንጊ፣ ሲርኮሌ እና ዳካ ብለው በአምስት ክፍል መድበውታል። ከማሺ የቤኒሻንጉል ክልል የአንድ ዞን ስም መሆኑን ያውቃሉ። በስሙ የተሰየመው ክፍል ደግሞ ከባሕር ደለል የተሠራና በመሐል በመሐሉ ከምድር ጥልቀት የወጣ ጥቁር አረንጓዴ እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሰነቀረበት ነው። በዚያው የድንጋይ ቀበቶ ላይ፣ ወለጋ ውስጥ፣ ቱሉ ዲምቱና የፕላቲኒየሙ ዩብዶ አሉ። ቤኒሻንጉል የታወቀበት እብነ በረድም ሌላው ምስክር ነው። የዳለቲና የማንኩሽ እብነ በረድ እብነ በረድ ከመሆኑ በፊት በባሕር ውስጥ የተከማቸ የኖራ ድንጋይ ነበር። ነጩ ድንጋይም ጥቁሩም ድንጋይ እንግዲህ የባሕር ልጆች ናቸው።

ታዲያ አንዱ ለምን ነጣ፣ ሌላው ለምን ጠቆረ? እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፤ የነገሩ እምብርት ይኸው ነውና።

ከባሕር ላይ ከሚፈጠረው ሕይወት ሁሉ ወለሉ ላይ ደርሶ ጭቃ ውስጥ የሚቀበረው ከ1 በመቶ በታች ነው። የቀረውን እየወረደ ሳለ ባክቴሪያ ይበላዋል፤ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ወደ ነበረበት አየርና ውሃ ይመለሳል። ከሰል ሲከሰል አይተዋል? አክሳዩ እንጨቱን ከምሮ በሣርና በአፈር ይደፍነዋል። አየር እንደ ልብ ካገኘ እንጨቱ አመድ ሆኖ ይቀራል፤ አየር ሲከለከል ግን ካርቦኑ ይተርፋል። ባሕር ወለል ላይም አየሩ ሲታገድ ካርቦኑ ከጭቃው ጋር ይቀራል፤ ጭቃውም ይጠቁራል።

ልጁ በጣቱ እየቆጠረ ሦስት ነገር መገጣጠም አለበት አለኝ። አንደኛ፣ ላይኛው ውሃ ላይ ሕይወት መብዛት አለበት። ለዚህ ደግሞ ፎስፈረስና ብረትን የመሰለ ምግብ ያስፈልጋል፤ ከእሳተ ገሞራ አመድ፣ ከወንዝ ወይም ከታች ከሚወጣ ቀዝቃዛ ውሃ ይመጣል። ሁለተኛ፣ የታችኛው ውሃ ኦክስጅን ማጣት አለበት። ሦስተኛ፣ አሸዋና አፈር ከመጠን በላይ መጉረፍ የለበትም፤ ካለበለዚያ ካርቦኑ ይበረዛል። በደሴቶች መካከል የተከበበ፣ ውሃው እንደ ልብ የማይዘዋወር ባሕር ለዚህ የተመቸ ነው። የሞዛምቢክ ውቅያኖስ የደሴት ሰንሰለቶች የፈጠሯቸው ገንዳዎች እንዲህ ያሉ ነበሩ። በተጨማሪም በዚያ ዘመን የዓለም አየር ኦክስጅኑ ከዛሬው እጅግ ያነሰ ስለነበር፣ ጥልቁ ባሕር መታፈን አይቸግረውም።

«ዛሬስ እንዲህ ያለ ባሕር አለ?» ብዬ ጠየቅሁት።

አለ። በቱርክና በዩክሬን መካከል ያለው ጥቁር ባሕር ነው። ላዩ ዓሣ የሚጠመድበት፣ ሰው የሚዋኝበት ነው፤ ከ150 እስከ 200 ሜትር ገደማ ሲወርዱ ግን ኦክስጅን ያልቃል። ከዚያ በታች እስከ 2,200 ሜትር ድረስ ያለው ውሃ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ፣ ማለትም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ የሞላበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪዎች እዚያ ጥልቀት ውስጥ 2,400 ዓመት ያህል የቆየች የግሪክ መርከብ ምሰሶዋ እንደ ቆመ ማግኘታቸውን አስታወቁ። እንጨት የሚበላው የባሕር ትል ያለ ኦክስጅን አይኖርማ! መርከቧን ያተረፈው ያው እጥረት፣ እዚህ ሆሞሻ መንገድ ላይ የምነካውን ካርቦን ከመበላት አትርፎታል።

ይህን ሲነግረኝ ሐሳቤ ወደ አገሬ ሄደ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ ያቋረጡ ሁሉ የገደሉን ቀለም ያስታውሱታል። ላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ቢጫና ነጩ የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲሉ ጂፕሰሙ፣ ከታች ደግሞ ቀዩ አሸዋ ድንጋይ አለ። እሱም የባሕር ሥራ ነው፤ ግን ከአሶሳው ጋር ሲነጻጸር የትናንት ነው። ከ200 እስከ 150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ከደቡብ ምሥራቅ፣ በኦጋዴን በኩል የገባ ባሕር ነው። ጥልቀቱ አነስተኛ፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ አልፎ አልፎም እየተነነ ጂፕሰም የሚጥል ባሕር ነበር። አየር ስላገኘ አብዛኛው ደለሉ ነጣ ያለ ሆነ። ስንት ጊዜ በዚያ መንገድ ተመላልሻለሁ! የድንጋይ ቀለም የባሕሩ ወለል ይተነፍስ ነበር ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ እንደሚሰጥ ግን አሶሳ መጥቼ ተማርሁ።

ደግሞም ያ የእኛ ባሕር ሁልጊዜ ነጭ አልነበረም። በመሐሉ ጠቆር ያለ ሼል የጣለባቸው ቦታዎች አሉት። ኦጋዴን ውስጥ ኡራንዳብ የሚባለው ሼል በዚያው ባሕር የተከማቸ፣ ካርቦን የያዘ ነው። ደቡብ ወሎ ወረኢሉ አካባቢ ደግሞ ነዳጅ ዘይት ከድንጋይ ስንጥቅ ሲያዥ ታይቷል። በዚያው ዘመን ገደማ በእንግሊዝ አገር ዶርሴት ውስጥ ኪመሪጅ ከሚባል ስፍራ ስሙን ያገኘው ጥቁር ጭቃ የሰሜን ባሕር ነዳጅ ዋና እናት ሆኗል። ሁሉም ጥቁር ሼል የባሕር ነው ማለት ግን አይደለም። ኢሉባቦር ውስጥ ያዩ፣ ጅማ አቅራቢያ ደልቢና ሞዬ ያለው ዘይት አዘል ሼል በሐይቅና በረግረግ የተሠራ ነው፤ የታፈነ ውሃ ጨው ይኑረው አይኑረው ለካርቦኑ ግድ የለውም።

እዚህ ላይ አንባቢዬ የሚጠይቁኝን አውቃለሁ፤ እኔም ጠይቄዋለሁ። «እንግዲያው አሶሳስ ነዳጅ የለውም?» ልጁ የለውም አለኝ፤ ምክንያቱም ሙቀቱ ነው። ካርቦን የበዛበት ሼል ምድር ውስጥ ተቀብሮ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ዘይት ይሰጣል። ከ150 በላይ ሲሄድ የሚሰጠው ጋዝ ነው። የአሶሳው ጭቃ ግን አህጉሮች ሲጋጩ መካከላቸው ተይዞ በብዙ መቶ ዲግሪ ሞቋል። ዘይቱም ጋዙም የዚያን ጊዜ አልቆ፣ የቀረው ካርቦን ወደ ግራፋይትነት ተለወጠ። ሰው በዚህ ቅር ሊለው ይችላል፤ እኔ ግን አላዘንሁም። ግራፋይት ዛሬ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ አንዱ ዋልታ የሚሠራበት ማዕድን ነው። በሺስት ውስጥ መታየቱ ብቻውን ግን ቦታውን የማዕድን ማውጫ አያደርገውም፤ ጥራቱና ብዛቱ መለካት አለበት።

በማግሥቱ ወደ መንጌ ስንሄድ ወንዝ ዳር ሴቶች ወርቅ ያጥባሉ። እኛ ሊጥ የምናቦካበትን ዓይነት ገበቴ ይዘው፣ አሸዋውን በውሃ እያሽከረከሩ ቀላሉን ያፈሱታል፤ ከባዱ ከታች ይቀራል። የእጃቸው ቅልጥፍና ያስደንቃል። አንዲት እናት ገበቴያቸውን ዘንበል አድርገው አሳዩኝ፤ ከታች ጥቁር አሸዋ፣ ጠርዙ ላይ ደቃቅ ቢጫ ነጠብጣብ። «ይህም ግራፋይት ነው?» ብዬ ወደ ልጁ ዞርሁ። አይደለም፤ ጥቁሩ አሸዋ የብረት ማዕድን ነው፤ ግራፋይት ቀላል ስለሆነ ከውሃው ጋር ይሄዳል።

ወርቁና ጥቁሩ ሺስት ግን እንግዳ ለእንግዳ አይደሉም። በአውስትራሊያ የታዝማኒያ ዩኒቨርሲቲው ሮስ ላርጅና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት አንድ ሐሳብ አቅርበዋል። በእነሱ አባባል፣ ካርቦን የበዛበት የባሕር ጭቃ ከውሃው ውስጥ ኢምንት ወርቅና አርሴኒክ እየሳበ፣ ፓይራይት በሚባለው ቢጫ የብረትና የድኝ ማዕድን ውስጥ ያከማቻል። ኋላ ድንጋዩ ሲግል ወርቁ ከሙቅ ውሃ ጋር ይወጣና በስንጥቆች ውስጥ ከነጭ ኳርትዝ ጋር ይቀመጣል። ወርቁ ከሌላ ቦታ፣ ከጥልቁ ቀልጦ ከወጣ ድንጋይ ይመጣል የሚሉ ሊቃውንትም አሉ። በሁለቱም መንገድ ግን ወርቅ ያዘለ ሙቅ ውሃ ግራፋይት ሲያገኝ ወርቁን የመጣል ጠባይ አለው። ስለዚህ ወርቅ ፈላጊ ጂኦሎጂስት ጥቁር ሺስት ሲያይ እርምጃውን ይቀንሳል።

ይህ ወርቅ ስንቱን ሰው አስጉዟል! የግብፁ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጀመሪያ ልጁን እስማኤልን እስከ ፋዞግሊ ድረስ ያዘመተው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበር። የዚህ አገር ሕዝብ በዚያ ዘመቻና ከዚያ ወዲህ የከፈለው ዋጋ ከባድ ነው። ወርቁን ያሳደዱት ሁሉ የረገጡትን ጥቁር ድንጋይ ግን ዞር ብለው አላዩትም። የአገሬው ሰው ግን ለድንጋይ ክብር ያውቃል። ቤኒሻንጉል የሚለው ስም ራሱ የመጣው ቤላ ሻንጉል ከሚለው የቤርታ ስም ሲሆን የሻንጉል ዐለት ማለት ነው። ዐለቱ መንጌ አጠገብ ያለ ተራራ ላይ የሚገኝ፣ በቤርታ ዘንድ የተከበረ ድንጋይ ነው።

ማታ ማታ እየተጫወትን ሳለ ነገራችን ወደ ጉባ ዞረ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ እዚሁ ክልል፣ ጉባ ውስጥ ነው። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሐይቅ ጥንታዊውን ድንጋይ ሸፍኖት ተኝቷል። ዓባይ ክረምት በመጣ ቁጥር ከጎጃም፣ ከወሎና ከሸዋ እያጠበ የሚያወርደው አፈር አሁን ማረፊያው እዚያ ነው። ጭቃ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ይነባበራል፤ የሼል ሥራ የሚጀመረው እንዲሁ ነው። ለእኔ ለደጀኑ ሰው ይህ ሐሳብ ደስታም ሐዘንም አለበት። የማሳችን አፈር እዚያ መከማቸቱ ለግድቡም ለማሳውም ጉዳት ነው፤ እርከን መሥራት፣ ተዳፋቱን ማልማት የጎጃምም የጉባም ጉዳይ ነው።

አንባቢዬ፣ ከዚህ ጉዞ የያዝሁት ሐሳብ አንድ ነው። ወደብ የለንም ብለን ስንቆጭ እንኖራለን፤ የቆምንበት መሬት ግን በተደጋጋሚ ባሕር የነበረ፣ የባሕሩንም አየርና ሙቀት በድንጋዩ ቀለም የመዘገበ ነው። ልጆቻችን ስለ ጥቁር ሼል ሲማሩ የአሜሪካንና የእንግሊዝን ምሳሌ ብቻ መሸምደድ የለባቸውም። የአሶሳ መምህር ተማሪዎቹን ወደ ሆሞሻ መንገድ ያውጣቸው፤ የደጀን መምህር ወደ ዓባይ በረሃ ያውርዳቸው፤ የሁለቱን ድንጋይ ይለዋወጡና በየትምህርት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጡት። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እርስዎም አሶሳ ከሄዱ፣ ወርቁንና ማንጎውን ካዩ በኋላ፣ መንገዱ የተቆረጠበት ቦታ ላይ መኪናዎን ያቁሙና ጥቁሩን ድንጋይ በእጅዎ ይንኩት።